ለእናቴ የተቀዳው ውሃ

ወልድያ ካለ አንድ ፎቶ ቤት አግዳሚ ላይ ታናሽ እህቴና እኔ ተቀምጠናል፤ በመካከላችን ግን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተናል። የእናታችን ሙት ዓመት ሳምንት ቀርቶታል። ፎቶዋን ልናስተልቅ ነው ከመርሳ የመጣነው። ቤት የነበሩት ፎቶዎች በዚያ ክፉ የጦርነት ወቅት ከነአልበማቸው ጠፍተዋል፤ የተረፈው እኔ ከአገር ስወጣ ይዤው የሄድኩት፣ መዳፍ የማይሞላ አንድ ፎቶ ነው። እናቴ ከብርቱካን ዛፏ ሥር ቆማ፣ ፀሐዩን በእጇ ከልላ ትስቃለች።

ፎቶ አንሺው ወደ መብራት አስጠግቶ አየው።

«ይቺ እጥፋት ጉንጫቸው ላይ ነው ያረፈችው» አለ። «አብሽሩ፣ በኮምፒውተር አጠፋታለሁ። ከሳቃቸው ግን ትንሽ ይዛ ትሄዳለች። ትጥፋ ወይስ ትቆይ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ነካው? አንቺ እኮ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ የማትጨማድጂ ሰው ነሽ።»

መልስ ነበረኝ። ዓመት ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ። እዚያው አግዳሚ ላይ ነገርኳት።

አሜሪካ የምሠራው አንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ እየረዳኋቸው እዚያው አድራለሁ። ስማቸው ለአፌ ስለከበደኝ «እማማ» አልኳቸው፤ ትርጉሙን ሲሰሙ ወደዱት። ሰማንያን አልፈዋል። አባታቸው ከአየርላንድ የመጣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ እናታቸው ከሜክሲኮ የተሻገረች ልብስ አጣቢ ነበረች። ሁለቱም ካቶሊክ ስለነበሩ የተገናኙት ቤተ ክርስቲያን ነው። «አባቴና እናቴ ሳይጣሉ የሚነጋገሩበት ቋንቋ የቅዳሴው ላቲን ብቻ ነበር» ይሉኛል እማማ፤ «ምክንያቱም ሁለቱም አይሰሙትም!» እኔም የእኛን ግዕዝ አስቤ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቅዳሴያቸው አደርሳቸዋለሁ። እኔ ከበሩ አላልፍም። እዚያው ቆሜ በልቤ ውዳሴ ማርያሜን አደርሳለሁ። ገና ሥራውን ስጀምር ለንስሐ አባቴ ደውዬ ጠይቄ ነበር። «ሥራሽን ሥሪ፣ ሴትዮዋን አክብሪ፣ ከመሠዊያቸው ግን አትድረሺ» አሉኝ። ቃላቸውን አንድ ቀን አልተላለፍኩም።

የመርሳ ስልክ የተዘጋው ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ነው። እናቴ የስኳር በሽተኛ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር የምትወጋውን ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በሞላችበት ገንቦ ውስጥ ቀብራ እንዳስቀመጠች ነገረችኝ። «እንደ ምንጭ ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው» አለችኝ እየተኩራራች። «ደግሞ ቢያልቅስ ወልድያ እዚህ አይደለም እንዴ? ምን ያስጨንቅሻል?» በማግስቱ ስልኩ ሞተ። ቀጥሎ መንገዱም ተዘጋ ሲባል ሰማሁ።

በየቀኑ እደውላለሁ። ስልኩ ላይ የተቀዳችው ሴት በዚያው በለሰለሰ ድምፅዋ «አይገኙም» ትለኛለች። መስከረም ሊያልቅ ደረሰ። ገንቦ ውስጥ ያለውም እንዳለቀ ልቤ ያውቃል፤ ግን ያንን ሐሳብ እስከ ጫፉ እንዲሄድ አልፈቅድለትም። የጽጌን ፆም ያዝኩ። ከፀሐይ በፊት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ግድግዳውን ይዤ አለቅሳለሁ። እማማ ሳይነሱ ፊቴን ታጥቤ ገንፏቸውን እሠራለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የገዛ ወገኔ ነበር። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። የሚያውቁት ተማክረው፣ ቀን መርጠው፣ ማልደው መጥተው ነው የሚያረዱሽ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፤ ሳታውቂ እየበላሽ እየጠጣሽ የምትኖሪው አንቺ ብቻ ነሽ። አሜሪካ ባለው የጽዋ ማኅበራችን አንዲት ተረበኛ አለች፤ ባየችኝ ቁጥር «አንቺ ሴትዮ፣ ብቻሽን ጸድቀሽ እኛን ልታስኮንኚን ነው?» ሳትለኝ አታልፍም። አንድ እሑድ አቅፋ ሳመችኝና ዝም አለች። ምነው ዝም አልሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ፈራሁ።

እማማ የሚያከብሩት የሙታን መታሰቢያ ቀን በፆሙ መካከል ዋለ። በየዓመቱ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቢጫ አበባ ይበተናል፣ ሻማ ይበራል፣ የአባትና የእናታቸው ፎቶ ይቆማል፤ ፊት ለፊቱም ዳቦ፣ ጨው፣ ፍራፍሬና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል። የእናታቸው ወግ ነው። ሙታን ከሩቅ መንገድ ስለሚመጡ ይጠማቸዋል ይላሉ። እኔ ጠረጴዛውን አልነካም፤ እርሳቸውም አያስገድዱኝም።

ያን ቀን ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ስገባ ፎቶዎቹ ሦስት ሆነዋል። ሦስተኛዋ፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የማስቀምጣት፣ ከብርቱካን ዛፏ ሥር ትስቃለች።

«ሟርት!» አልኩ በአማርኛ። ዘልዬ ፎቶውን ነጠቅሁ። በጡጫዬ ውስጥ ሲታጠፍ ተሰማኝ። ክንዴ ብርጭቆውን መታው፤ ውሃው ዳቦውንና አበባውን አርሶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። «ምን አጠፋሁ?»

«እናቴ አልሞተችም!»

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደህና ወሬ የደረሰኝ መስሏቸው የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። «እኔ ሞታብሽ መናገር አቅቶሽ መስሎኝ ነው። ነጭ ለብሰሽ ስታለቅሺ እሰማለሁ። ሥጋ ትተሻል፣ ወተት ትተሻል። አባቴ አየርላንድ፣ ኮርክ ያለች እናቱ የሞተች ጊዜ ልክ እንዲህ ነበር፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ነው ማልቀስ የጀመረው። እናቴ ግን 'አልቅሰህ ስትጨርስ ውሃ ቅዳላት' አለችው።»

«የእኔ እናት ውሃ አላት» አልኩ። ምንጣፉን አደረቅሁ፣ የራሰውን ዳቦ ጣልኩ። ብርጭቆውን አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ መለስኩት። መልሼ አልሞላሁትም። ፎቶውን ዳዊቴ ውስጥ አስገብቼ፣ ይዘረጋ እንደሆነ ብዬ ከበድ ያለ መጽሐፍ ጫንኩበት።

ፆሙ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። አራት ናቸው፤ ሦስት የማኅበራችን ሴቶችና አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም ነጠላና ጋቢ ለብሰው ከመኪና ይወርዳሉ። ተረበኛዋ ከፊት ናት። ሮጬ በሩን ቆለፍኩት።

«ክፈቺልን እንጂ፣ እህቴ» አለች።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ዳቦ ጋግሬ ነው።»

«ለአንድ ዳቦ አራት ሰው?»

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። እስካልከፈትኩ ድረስ እናቴ በሕይወት አለች፤ ያኔ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቁልፉን በእጄ ጨበጥኩ።

እማማ ከክፍላቸው ወጡ። እኔን አዩኝ፣ በመስኮቱ ሰዎቹን አዩ። ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደው መስታወቱን ከፈቱና የሚወዛወዘውን ብረት በአንድ ጣታቸው አቆሙት። አባታቸው፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ሰዓት ያቆም እንደነበር አንድ ጊዜ ነግረውኝ ነበር። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ መርዶዬን የሰማሁት ከቆመው ሰዓት ነው። ከዚያ ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና በሩን ከፈቱላቸው።

«መቼ?» ነው ያልኩት፣ መሬት ላይ ሆኜ።

«በመስቀል ማግስት» አሉ ሽማግሌው። «ወሬው እኛም ዘንድ ዘግይቶ ነው የደረሰን። ፆሙን እስክትፈቺ ብለን ነው፣ ልጄ።»

በመስቀል ማግስት። ያ ጠረጴዛ በተዘረጋ ጊዜ እናቴ ከሞተች ወር አልፏት ነበር። አርባዋም እኔ ሳላውቅ አልፏል።

ይህንን ሁሉ ስነግራት እህቴ ወለል ወለሉን ታያለች። ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሯል።

«ውሃ ነው ያልሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ውሃ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ውሃ ስትል ነበር» አለች። «መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ጥሟ አልቆርጥ አለ። በጣሳ እሰጣታለሁ፣ ትጨርሰዋለች፣ ደግሞ 'ውሃ' ትለኛለች። ወልድያ የሚያደርሳት መኪና የለ። ቄሱ ገጠር ወጥተው አልተመለሱ። ከአንድ ዲያቆን ጋር ነው የቀበርናት፤ ጉድጓዱን የቆፈሩልን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። አርባዋን ያወጣላት የለም። በምን? ማን ተሰብስቦ?» ቀና ብላ አየችኝ። «እኛ ምንም ሳናደርግላት፣ እሳቸው ውሃ ቀዱላት? የማያውቋት ሴትዮ?»

«አዎ።»

«አንቺ ደፋሽው።»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ እወድ ነበር። ተነስታ ወደ ፎቶ አንሺው ሄደች።

«እጥፋቷ ትጥፋ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ቀጠለች፤ «መርሳ የምኖረው እኔ ነኝ። ቤት የገባ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። አንቺ ትሄጃለሽ።»

ትልቁ ፎቶ አሁን መርሳ ቤታችን ተሰቅሏል። እጥፋት የለበትም፤ ሰውየው እንዳለው ሳቋም ትንሽ ቀንሷል። በሙት ዓመቷ ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱላት፣ ደብሩ ግቢ ሰው ሞላ፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት ጎረቤቶችም መጡ። እህቴ መርሳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ስንሳሳም «ለሴትዮዋ ብርቱካን ውሰጂላቸው አልልሽ፣ አየር ማረፊያ አያሳልፉልሽም» አለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ሌላ አንነጋገርም።

ወደ አሜሪካ ተመልሼ ወር ሳይሞላኝ የእማማ ቀን ደረሰ። አበባውን በተኑ፣ ሁለቱን ፎቶዎች አቆሙ። ወደ እኔ አላዩም። ዳዊቴን ከፍቼ ትንሹን ፎቶ አወጣሁና በእናታቸው ጎን አስደገፍኩት። ብርጭቆውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ እስከ አፉ ድረስ ሞላሁት። ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው፤ ልክ እንደሆኑም አውቃለሁ።

ከመተኛቴ በፊት የውሃውን ከፍታ ብርጭቆው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት።

ጠዋት ከእማማ ቀድሜ ተነሳሁ። ተንበርክኬ ዓይኔን ከምልክቱ ጋር አስተካከልኩ። ውሃው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።