የሚስቴ አባት፣ እኔና የፍሬን ቱቦው

“መኪናዬን ራሴ ነው የምጠግናት” እያልኩ በመምህራን ክበብ ስጎርር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉራዬ ደግሞ ከሜዳ አልተነሣም። ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ መለወጥ፣ ሻማ ማጽዳት፣ ይህን ሁሉ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ተምሬያለሁ። ሆሳዕና ውስጥ ጋራዥ ጠፍቶ አይደለም። ወረፋ ጠብቄ “ነገ ና” መባሉ፣ በነጋታው ስሄድ ደግሞ “ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል” መባሉ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሚስቴ “አንተ እኮ መንግሥተ ሰማያት በር ላይም ወረፋ አትጠብቅም” ትለኛለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል ሳምንት ሲቀረው፣ ከኋላው የግራ ጎማ አጠገብ ዘይት ሲንጠባጠብ አየሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሣሁና ተኝቼ ገባሁ። የፍሬኑ ቱቦ ዝገት በልቶት ኖሮ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። አዲስ ቱቦ ቆርጦ መግጠም ከባድ አይደለም። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው። የቱቦው አፍ ካልተከፈተና ከንፈር ካልወጣለት ዳዶው ቢጠብቅም ዘይቱን አይዝም። ለዚያ ደግሞ አፍ የሚያወጣ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ዓይነት እንዳለ አስረዳኝ። አንደኛው የቱቦውን አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍተዋል፤ ፍሪጅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። ሁለተኛው አፉን ከከፈተ በኋላ ከንፈሩን መልሶ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ድርብ ይሆናል። “ለፍሬን ድርቡ ነው” አለኝ። “ሲረገጥ ግፊቱ ሌላ ነው። ነጠላው ይሰነጠቃል።”

ይህን የሚነግረው ለማን ነው? ስለ ፈሳሽ ግፊት ሰሌዳ ሙሉ እየጻፍኩ ለማስተምረው ለፊዚክስ መምህሩ! ገባኝ። በደንብ ነው የገባኝ፣ አልገባኝም ብዬ አላመካኝም። ነገር ግን እጁ ላይ የነበረው ነጠላው ብቻ ነው። ድርቡ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ እኛ ደግሞ ለበዓሉ የሚስቴ ቤተሰብ አገር ጊምቢቹ መግባት አለብን።

“ለምን ትቸገራለህ?” አለኝ ሰውዬው። “የሚስትህ አባት ጋ አለ እኮ። የዚህ አካባቢ መካኒክ ሁሉ ከእሳቸው ሲዋስ ነው የኖረው።”

የሚስቴ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ከጊምቢቹ አምጥተን እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ አስገባናቸው። ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ትተው ነበር፤ እጃቸው ግን ገና አልደከመም። የሬዲዮ ብሎን በጥፍራቸው ሲፈቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ልሆናቸው የምችለውን እኔን “መምህር” እና “እርስዎ” ይሉኛል። “ልጄን የሰጠሁትን ሰው እንዴት አንተ እለዋለሁ?” ነው መልሳቸው። እኔም እሳቸው ሳይቀመጡ አልቀመጥም። አምስት ዓመት አንድ ግቢ ኖረን አንድ ቀን እንኳ ቀልደን አናውቅም። አማች አማቱ ደጅ ዕቃ ሊዋስ አይቆምም፤ አማት ደግሞ ሳይጠየቅ አማቹን “አላወቅህበትም” ብሎ አያርምም። በአገሩ ደንብ እንዲህ ነው የምንከባበረው፣ እኔም ይህን ደንብ ወድጄው ነበር። አላዋቂነቴን ይሸፍንልኝ ነበራ!

“የፍሪጁን ስጠኝ” አልኩት ባለሱቁን።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ሞርሳዬን አስሬ ሥራ ጀመርኩ። መሣሪያው ሲጠብቅ ይጮኻል። የሚስቴ አባት ድምፁን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው መጡና ራቅ ብለው ተቀመጡ።

“በርቱ መምህር። ምን እየሠሩ ነው?”

“ምንም አይደል አባባ። ትንሽ የላላ ነገር ላጥብቅ ብዬ ነው።”

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ረጅም ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡና ካፖርታቸውን ደርበው ተመለሱ። ብብታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይዘዋል። ሦስት አራት እርምጃ ቀረብ አሉ፤ ቆሙ። እኔ ምን አደረግሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ መጋዙን ማጽዳት ጀመርኩ። ቀና ብል መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ቆይተው “እንግዲህ እግዚአብሔር ያግዝዎ” ብለው ተመለሱ።

ቱቦውን ገጠምኩ፤ ፔዳሉ ጠንከር አለ፤ ሰፈር ውስጥ ሁለቴ ዞርኩና ያዘልኝ። አቤት ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት!

በበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በፊት ተነሣን። የሚስቴ አባት እንደ ክብራቸው ጋቢና ከጎኔ፣ ሚስቴ ከኋላ። ከተማውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ወለሉ ላይ ደረሰ። ደገምኩ፣ ምንም የለም። ፍሬን እምቢ አለኝ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ መኪናዋ ተንሸራታ ከመንገድ ወጣችና የሰው እንሰት ውስጥ ገብታ ቆመች። እንሰቱ ለስላሳ ባይሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ሚስቴ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። የሚስቴ አባት ግን ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ኖሮ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ባለ እንሰቱ ገበሬና ጎረቤቶቹ ሮጠው ሲመጡ፣ እሳቸው የተሰበረ እጃቸውን በግራው አቅፈው በሀዲይኛ ተናገሩ። ሀዲይኛዬ ደካማ ቢሆንም ይቺን ሰማኋት፤ መንገዱ ነው፣ መምህሩ ምንም አላጠፋም። ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ሆስፒታል ጄሶ ሲታሰርላቸው ሚስቴ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች። “አባዬ ቅዳሜ ድርቡን መሣሪያ ይዞልህ መጥቶ ነበር” አለችኝ። “የአንተ መሣሪያ ጩኸት የነጠላው ነው ብሎኝ ነበር። ‘ንገሪው’ አላለኝም እንጂ። አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ብሎ ሲጠብቅ ዋለ።” አልቅሳ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። ይንቀጠቀጣሉ፣ ብርጭቆ እንኳ በቀኛቸው አይዙም። ሰውዬው ዓይናቸው ከሄደ በኋላ የቀራቸው ያ እጅ ነበር፤ እሱንም እኔ ወሰድኩባቸው።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ እንደቆመች፣ ከአምስት ወር በኋላ እንደምንም ደፈርኩና ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቆምኩ። “አባባ፣ የቱቦ አፍ ማውጣት ያሳዩኝ። አላውቅበትም” አልኩ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ትልቅ ሰው ሲቸኩል አይቼ አላውቅም። የድሮ ቱታቸውን አስወጡ፣ መሣሪያቸውን ከጨርቁ ፈቱ፣ ቱቦውን በግራ እጃቸው ሞርሳው ላይ አስቀመጡ። ቀኛቸው ብሎኑን መጨበጥ እምቢ አለ። ሞከሩ፤ ሸሸ። እንደገና ሞከሩ። ላግዝዎ ብዬ እጄን ብዘረጋ “ይቆዩ መምህር” አሉኝ። ላባቸው እየወረደ አጠበቁት።

ሲያልቅ አውራ ጣታቸውን ከንፈሩ ላይ አዞሩት። “ጥሩ ነው። ይግጠሙት” አሉ።

ቱቦው ጠምሟል። ከንፈሩ በአንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከሩቅ ይታያል። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ” አልኩና ተቀበልኳቸው። በነጋታው ትምህርት ቤት ነኝ ብዬ መኪናዋን አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኩ፣ ሌላ ቱቦ አስገጠምኩ።

አሁን እሑድ እሑድ ከቸርች ሲወጡ እጄን ይዘው ሰው ፊት ያቆሙኛል። “ይቺን መኪና እኔና አማቼ ነን በእጃችን የሠራናት” ይላሉ። ሰዎቹ ወደ እኔ ይዞራሉ።

“አዎ” እላለሁ። “አብረን ነው የሠራናት።”