ኮረኮንችና ወንድሟ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኮረኮንች ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። «እትዬ ስታወራ ያልተደለደለ መንገድ ላይ በጋሪ እንደ መሄድ ነው፤ ሳትደርስ አንጀትህ ይላቀቃል» ብሎ አንድ ቀን የብሎኬት ማምረቻዋን ሠራተኞች በሳቅ ገደላቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እሷ አልተቀየመችም። «እውነቱን ነው» ብላ አካፋዋን አነሳች።

በእሱ መቀየም አታውቅም ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ሦስት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር። ውሃ ስትቀዳም፣ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብም ከጀርባዋ አይወርድም። ሲያድግ አፈ ቅቤ ወጣው። የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ ሲጣራ የትም የማይሄድ ሰው እንኳ ተሳፍሮ ይገኛል ይባልለት ነበር። እሷ ግን ዝምተኛ፣ አንዳንዴ ስትናገርም ዱብ የምታደርግ ሆና ቀረች።

ባሏ ሃያ ዓመት በሰው ግቢ ብሎኬት ሲያመርት ኖሮ የሲሚንቶ ብናኝ ደረቱን ዘጋውና እያሳለ ሞተ። የተወላት አንድ የብረት ቅርጽ፣ አንድ አካፋና አንዲት ሴት ልጅ ነው። ጎረቤቶቿ «ባልሽን የበላውን ሥራ ልትሠሪ ነው?» ሲሏት፣ «ሌላ የሚያውቅ ካለ ያስተምረኝ» አለች። የሚያስተምራት አልተገኘም። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ወንዝ ዳር ባለ ባዶ ግቢ ውስጥ ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹን ስልሳ ብሎኬቶች ፀሐይ ላይ ደርድራ እስኪደርቁ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ስታነሳቸው ገሚሶቹ እጇ ላይ ፈረሱ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አይቷት ቆመ።

«ልጄ፣ ምን አድርገሽ ገደልሻቸው?»

«አደረቅኋቸው እንጂ ምን አደረግኋቸው?»

«እሱን ነው የምልሽ። ብሎኬት እንደ ልብስ አይደርቅም። ሲሚንቶ ውሃ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው፤ በጥም ከገደልሽው አፈር ሆኖ ይቀራል።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ወይ ሽማግሌውን ትሸኝ ነበር። እሷ ድንጋይ ጠርጋ አስቀመጠችው። «ሌላስ ምን አጥፍቻለሁ?» አለችው። ሽማግሌው ከዚያን ቀን ወዲያ እስኪሞት ድረስ በየሳምንቱ እየመጣ ያጠፋችውን ይነግራት ነበር፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም። አሸዋ ከውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ ጭቃው ምን ያህል እንደሚተኛ ማየትን፣ ብሎኬቱን በመዶሻ እጀታ ቆርቁሮ ድምፁን መስማትን ያስተማራት እሱ ነው። የበሰለ ብሎኬት ይጮኻል፤ ያልበሰለ ያጉረመርማል። ከየቀኑ ምርት አንዱን ከደረቷ ከፍታ ወደ መሬት ትለቀዋለች። ከተበታተነ የዚያን ቀን ልፋት በሙሉ የጉድጓድ መሙያ ይሆናል። ሠራተኞቿ በዚህ ነገር ልባቸው ውልቅ ይል ነበር።

ችግሩ መሸጡ ላይ ነው። ገዢ መጥቶ «ጥሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ጣለውና እየው» ትላለች። ሰውየው የሚፈልገው ግን ጥሩ ነው መባልን ነው፤ ሳይገዛ ይሄዳል። እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት ግቢዋ በብሎኬት ተሞልቶ፣ ጓዳዋ ባዶ ሆኖ ከረመ።

የታደጋት ወንድሟ ነው። አውቶቡሱን ትቶ መጣና የከተማውን ኮንትራክተር ሁሉ ቤት ለቤት ዞረ። በፊት በር ቢመልሱት በጓሮ እየሳቀ ይገባል። የገዢውን ልጅ ስም፣ የሚስቱን ሕመም፣ የመሠረቱን ጥልቀት አይረሳም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ሠራተኛ ስድስት ሆኑ። ሰውም፣ «ነጋዴ ብሎ እሱ ነው፤ እህቱ እኮ ጭቃ አቡኪ ናት» ይል ነበር። እሷም እንዲሁ ታምን ነበር። ማታ ማታ አብረው ሲበሉ እሱ የዋለበትን እያስመሰለ ሲተርክላት በሆዷ ትስቃለች፤ ይህን ልጅ ያዘለ ጀርባዬ አልከሰረም ትላለች።

የትምህርት ቤቱ የአጥር ግንብ ሥራ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ኮንትራክተሩ ቸኳይ ሰው ነበር፤ ወንድሟም ብሎኬቱን በቀኑ ሊያደርስ ቃል ገብቶ፣ ለጥራቱ በስሙ ፈረመ። በዚያው ሰሞን ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእሷ ልጅ ምጥ ጠንቶባት ከከተማው ማዶ ያለ ሆስፒታል ገባች። እናት አምስት ሳምንት ከልጇ አልጋ ሥር አልተነቃነቀችም። ልጅቷ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ከወሊዱ ሕመም ተረፈች። አያት የሆነችው ኮረኮንች ሕፃኑን ታቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች።

ወደ ግቢዋ ስትመለስ የትምህርት ቤቱ ብሎኬት ተጭኖ ሄዷል። ጥግ ላይ የተረፉ አሥራ ሁለት ያህል ቀርተዋል። እንደ ልማዷ መዶሻውን አንስታ በእጀታው ቆረቆረች። አጉረመረመ። ሁለተኛውን ቆረቆረች። ሦስተኛውን ደረቷ ላይ አድርሳ ለቀቀችው፤ እንደ ወደቀ አመድ ሆነ።

ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ያያታል።

«ስንት ሲሚንቶ ነው ያደረግህበት?»

«እትዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችልሽ ልበልሽ መጀመሪያ...»

«ስንት?»

«የነበረው ለግማሹ ነው የሚበቃው። ለሁሉም አዳረስኩት። ቃሌን ልጠፍ? በቃሌ ነው ይህን ቤት ያቆምኩት።»

«ቤቱ የቆመው በሲሚንቶ ነው።»

«አጥር እኮ ነው! ጣሪያ አይሸከም፣ ፎቅ አይሸከም። ከተለሰነ ማን ያየዋል?»

«ልጆች ይደገፉታል» አለች። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ኮንትራክተሩ ቢሮው ውስጥ ሰማትና ሳቀ። ግንቡ አልቆ ተለስኗል፤ ቀለሙም ተቀብቷል። «ሴትዮ፣ በገዛ እጅሽ ራስሽን ልትቀብሪ ነው የመጣሽው? ሂጂ፣ አራስ ልጅሽን ተንከባከቢ» አላት። ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሄደች። እሷ ደግሞ በትሕትና አስቀምጣ ሰማቻትና፣ ሰኞ ልጆቹ እንደሚገቡ፣ መሐንዲስ አይቶ እንደፈረመ፣ አለ የምትለው ነገር ካለ በጽሑፍ እንድታመለክት ነገረቻት። ኮረኮንች መጻፍ አትችልም። የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር።

እሁድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቁርስ ሊበላ ገባ ሲል፣ ትልቁን መዶሻ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ግንቡን መታችው። በመጀመሪያው ምት ልስኑ ረገፈ። በሁለተኛው መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ያንን ያህል ርዝመት ያለው ግንብ እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘና ተደፋ። ወደ ኋላ ስትል እግሯ ከቦይ ገባ፤ ግንቡ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ይዞት ወረደ። ሰው ተሰብስቦ ሲያወጣት፣ «አያችሁ? አያችሁ?» ትል ነበር ይባላል። ያዩት ግን የተቀጠቀጠውን እግሯን ነው።

ፖሊሱ ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ያፍር ነበር። የብሎኬቱ ግቢ የማን እንደሆነ ጠየቃት፤ የኔ ነው አለች። ኮንትራክተሩን አስጠንቅቃው እንደነበር ተናገረች፤ እሱ ግን ኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ሴትየዋን አይቼያትም አላውቅ ብሎ ምሏል።

«ታዲያ ያቦካው ማነው?» አላት ፖሊሱ።

ይህን ጥያቄ ከወደቀችበት ሰዓት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ትችላለች። እግሯ ለዘለዓለም ተበላሽቷል፤ ለአካል ጉዳተኛ ሴት፣ ለዚያውም ግንቡን ራሷ ላፈረሰች፣ ዳኛ ይራራል። ልጁን በጀርባዋ ያዘለችው፣ ከአፏ ነጥላ ያጎረሰችው እሷ ናት።

«ወንድሜ ነው» አለች። «እኔ አልነበርኩም።»

ወንድሟ በማታለል ተከሶ ስምንት ወር ተፈረደበት። ኮንትራክተሩ «እኔም የተታለልኩ ነኝ» ብሎ ነፃ ወጣ። እሷ መራመድ ከጀመረች በኋላ በየሳምንቱ በምርኩዝ እየተጎተተች ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤት ትሄድ ነበር። ስንቁን ይቀበላል፤ እሱ ግን አይወጣም። አንድ ቀን ጠባቂው አዝኖላት፣ «እናቴ፣ አትልፊ፤ እህት የለኝም ነው የሚለው» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚከነክናት። ገዢ ይሸሻል ስትል ጎረፈ። ግንቡን በገዛ እጇ ያፈረሰች ሴት ወሬ ከተማውን አዳርሶ፣ ከዚያ በፊት ወንድሟ ደጅ ሲጠናቸው የነበሩ ኮንትራክተሮች ራሳቸው በሯን ያንኳኩ ጀመር። አንዱማ ሠራተኞቿ ፊት፣ «ለወንድሟ ያልራራች ለብሎኬት አትራራም፤ ከእሷ ነው መግዛት» አለ። ሊያሞግሳት ነው። በመብራት የሚሠራ ማሽን ገባ፤ ሠራተኞቹ አሥራ ስምንት ደረሱ፤ ለሁሉም የአፍ መሸፈኛ ታድላለች፤ ያላሰረ አይሠራም። ገበያው ግን በምን እንደመጣ ታውቃለች። ፖሊሱ ሲጠይቃት የተናገረችው ለእውነት ብላ ነው ወይስ የግቢዋን ስም ለማዳን? ደጋግማ ራሷን ጠየቀች።

አንድ ጊዜ ሥራ ለሚጀምሩ ሴቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ጠሯት። አሠልጣኙ ለስኬት የሚያበቁ ባሕርያት ብሎ ሰሌዳው ላይ ደረደረ፤ ድፍረት፣ ትዕግሥት፣ ታማኝነት፣ ከስህተት መማር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እነዚህ ሁሉ ያሏቸው እናት እነሆ! ምን ይጨምሩልናል?» አለ። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። ሴቶቹ ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁ።

«ያለው ሁሉ ልክ ነው» አለች። «የሚያስከፍላችሁን ግን አልጻፈላችሁም።»

ተቀመጠች። አሠልጣኙ ሳቅ ብሎ አስጨበጨበላት።

ወንድሟ ከወህኒ ሲወጣ ከተማውን ለቆ ሄደ። አምስት ዓመት ወሬው ጠፋ። በስድስተኛው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ግቢዋ በር ላይ አወረደው። ደርቆ እንጨት ሆኗል፤ ጉበቱ አልቋል። የት እንደነበረ አልጠየቀችውም። ከቢሮዋ አጠገብ ያለውን ክፍል አስጠርጋ አልጋ ዘረጋችለት፤ እንደ ልጅነቱ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ቀኑን ሙሉ የማሽኑ ድምፅ ይሰማዋል። ሠራተኞቹ ሊጠይቁት ሲገቡ ያስቃቸው ነበር፤ ለእሷ ግን ውሃ ስጪኝ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊው ከማለት በቀር ቃል የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ዓይኑን ገለጠ።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«እኔ ብሆን ኖሮ፣ እኔ ነኝ እል ነበር።»

እጇ ቆመ። ሊወጋት ፈልጎ ሳይሆን እንዲሁ የሚያውቀውን ሲነግራት ነው። እውነቱን እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ይህ ልጅ ለእሷ ሲል ዳኛ ፊት ይዋሽ ነበር፤ እንዲያውም አስቆ ይዋሽ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችው። «ትል ነበር።»

ይቅርታ ልትለው ፈለገች። ግን ድጋሚ ብትጠየቅ የምትመልሰው ያንኑ እንደሆነ ስለምታውቅ፣ የማታምንበትን ቃል ለሚሞት ሰው መስጠት አልሆነላትም። ጨርቁን ነከረችና ግንባሩን መጥረግ ቀጠለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ግቢው ተዘጋ። ሠራተኞቹ አስከሬኑን ተሸከሙ፤ እሷ ከኋላ በምርኩዟ ተከተለች። አላለቀሰችም፤ ሰውም ይህንኑ እያነሳ አማት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጇ ስትመጣ እናቷን ሻሿን አፏ ላይ አስራ ከብሎኬቱ ድርድር መካከል አገኘቻት።

«እማ፣ ምነው ትንሽ እንኳ ብታርፊ? ሰው ምን ይላል?»

«ሦስት ቀን ውሃ ያጠጣቸው የለም» አለች ኮረኮንች። ድምፅዋ ሰልሏል። «ያን ጫፍ ያዢልኝ፤ ቧንቧው ተጣሟል።»

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ቧንቧውን ያዘችላት። ሁለቱ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ድርድሩን አንድ በአንድ ሲያጠጡ ዋሉ።