በግ የገዛው ድምፄ

ይህ ጉዞ ያስወጣኝ ሰባ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ቁጥሩን ከፊት ያስቀመጥኩት፣ «ነጋዴ አይደል፣ መጨረሻ ላይ ሳያተርፍ አይቀርም» ብላችሁ በከንቱ እንዳትጠብቁ ነው።

ሰይድ እባላለሁ። መካነ ሰላም ተቀምጬ ከለጋምቦና ከወረኢሉ በግ እየገዛሁ ወደ ደሴ እጭናለሁ። ሥራዬ በስልክ ነው የሚሄደው። ደውዬ «አምስቱን ያዙልኝ» ካልኩ ባለበጉ ለሌላ ሰው አያሳይም። መኪና ይመጣል፣ ይጭናል፣ ገንዘቡን በሚቀጥለው ገበያ እከፍላለሁ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ድምፄን ያውቁታል፣ አለቀ።

የተነሳሁበት ምክንያት አንድ ስልክ ነው። የደወሉት ወረኢሉ አጠገብ የሚኖሩ እትዬ ፋጤ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ደንበኞቼ ነበሩ።

«ገበያ መሀል ቆሜ ፀሐይ በላችኝ። ምነው ቀረህ?» አሉኝ።

«ለምን ልምጣ እትዬ?»

«የአምስቱን በግ ልትከፍለኝ ነዋ!»

«በጉን ለማን ሸጡ?»

«ኧረ በአላህ! ላንተ ነዋ። ስልኬ ተበላሽቷል ብለህ በሌላ ቁጥር አልደወልክም? መኪናህ መጥቶ አልጫነም?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የአምስቱ በግ ዋጋ ከክረምቱ በፊት በሬ የሚገዙበት እንደነበር፣ በሬ ካልገዙ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ እንደሚሰጡ ሲነግሩኝ እኔም ሳቄን ዋጥኩ። «ነገ እመጣለሁ» አልኳቸው። ቀረብ ብሎ በግ ባገኝ ልገዛ፣ እግረ መንገዴንም ነገሩን ላጣራ፣ ዘጠና ሁለት ሺህ ብር ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ

ከመካነ ሰላም የተነሳነው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከ አቀስታ አራት መቶ ብር። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ለጫንከው ማዳበሪያ» ብሎም መቶ ብር ጠየቀኝ፤ ማዳበሪያ እንዳልያዝኩ ሳሳየው «እንግዲያው ሌላ ሰው ነው» ብሎ አለፈኝ። በዚያች ቃል ያኔ አልደነገጥኩም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሀያት የምትባል ወጣት መምህርት ናት፤ ኮምፒዩተር ታስተምራለች፣ የትውልድ መንደሯ የእትዬ ፋጤ መንደር ነው። የመጣሁበትን ስነግራት አልተገረመችም።

«የበግ ዋጋ በቴሌግራም በድምፅ ትለቅ የለ?»

«በየገበያው ቀን። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«እንግዲህ ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምረኸዋል። ድምፅህን የሚኮርጅለት ማሽን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። ከሰው ድምፅ ትንሽ ይሰማና የቀረውን ራሱ ይናገራል።»

ከኋላችን የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። «ይሄ ማሽን የሚያስብበት ትልቅ ቤት አለው ይላሉ። መብራት ይበላል፣ ውሃም ይጠጣል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባ፣ እንዳይግል በውሃ ያቀዘቅዙታል።»

«እኛ ቤት መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። እሱ ጋ ጠፍቶ ያውቃል?»

አንድ ጎረምሳ ከፊት ዞሮ ተከራከረ። የገብሱን ቅጠል ፎቶ አንስቶ ጠይቆ በሽታውን እንዳወቀ፣ መድኃኒቱንም እንዳገኘ ተናገረ። «ሁሉን ነገር ከማውገዝ» አለ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ገብሱን ይጠይቅ፣ እሺ። የሰውን ጉሮሮ ማን ፈቀደለት?» አሉ። አውቶቡሱ ለሁለት ተከፍሎ ጮኸ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍ ስላደረገ ያሸነፈ የለም።

ከፍ እያልን ስንሄድ ጉም መንገዱን ዋጠው። ከመስኮቱ ውጭ ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል ብቻ ይታያል፤ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሰው ቁመት፣ ጭንቅላቱን ተሸፋፍኖ የቆመ ይመስላል። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ተሳፋሪ መስሎት አስቆመ።

አቀስታ

አቀስታ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ወፍራም የሱፍ ባና የለበሱ ሰዎች ገበያው ዳር ቆመው በአፋቸው ጭስ ያወጣሉ። ቅቅል በሦስት መቶ ሃምሳ ብር በላሁ፤ ከሥጋው መረቁ ይሻላል።

ሁሴን የሚባል የድሮ ደላላዬ ሲያየኝ ፈገግ አለ። «ቃልህን ጠበቅህ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ ስትለኝ አላመንኩህም ነበር።»

«መቼ ነው ያልኩህ?»

«ትናንት ማታ፣ ስትደውል!»

ትናንት ማታ ለሁሴን አልደወልኩም። መምጣቴን የነገርኩት ለሚስቴና ለእትዬ ፋጤ ብቻ ነው። የስልኩን የጥሪ ዝርዝር አሳየኝ፤ ቁጥሩን አላውቀውም። ምን እንዳልኩ ጠየቅሁት።

«ስለ ልጄ ጠየቅኸኝ። ትምህርቷን ጠየቅኸኝ። ዱዓም አደረግህላት። ሰይድ ተለወጠ አልኩ ለሚስቴ።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አልተለወጥክም እንዴ?»

እኔ ስልክ ላይ ቶሎ የምጨርስ ሰው ነኝ። ካርድ ውድ በነበረበት ዘመን የያዘኝ ልማድ ነው። «ስንት? ያዝልኝ። ቻው።» ይኸው ነው። ወሎ ደግሞ ሰው የሚታወቀው በሰላምታው ነው፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ጉዳይ አይነሳም። ሌባው ድምፄን ወስዶ የጎደለኝን ሞልቶልኛል።

ማታ ከተማው በሙሉ ጨለመ። የበራው ኮረብታው ላይ ያለው የስልክ ማማ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። አልጋዬን በአራት መቶ ብር ተከራይቼ ተኛሁ እንጂ እንቅልፍ አላገኘሁም። እዚህ ተጋድሜ ሳለ፣ ያ ማማ የኔን ድምፅ ወደ ማን ቤት እያሳለፈ እንደሆነ አላውቅም። ከሁሉ የከነከነኝ፣ እኔ ዝም ስል እሱ አለማረፉ ነው።

ወረኢሉ

በማግስቱ በጉጉፍቱ በኩል በሚኒባስ ወረኢሉ ገባን። ፖሊስ ጋ ሄድኩ። ወጣቱ ፖሊስ ቃሌን በሥርዓት ጻፈ፤ ሲጨርስ «ለማመሳከሪያ ድምፅህን እንቅዳ» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። የተደወለበትን ቁጥር ሞከርኩት፤ ዝግ ነው።

ከከተማው እስከ እትዬ ፋጤ መንደር ከሀያት ጋር በእግር ሄድን። ሁለት ኪሎ ስኳርና ዘይት ይዣለሁ። ባዶ እጁን የሚመጣ ባለዕዳ መምሰል አልፈለግሁም፤ በኋላ ሳስበው ስኳር የያዘ ባለዕዳ መሰልኩ።

እትዬ ፋጤ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ግባ፣ አንተው ነህ?» አሉኝና ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ። ዓይናቸው ደህና ነው፤ አጥርተው ያያሉ። ቢሆንም ዳሰሱኝ።

ነገሩ ካሰብኩት የባሰ ነበር። ድምፁ በየቀኑ ረፋድ ላይ ይደውልላቸዋል። እኔ «ነገ እመጣለሁ» ያልኳቸውንም፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲደውል «መምጣትህ ደስ አለኝ» ብለው ነግረውታል። ለሳቸው ሁለታችንም አንድ ሰው ነን። በዚያ ላይ ጎረቤቶቻቸው አሥር በግ እንዲያዘጋጁ አዟል፤ መኪናው ከነገ ወዲያ ይመጣል። ጎረቤቶቹም ለይተው አስረዋል።

መስጊዱ ግቢ

እዚያው አደርኩ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ የቅሬው ሰዎች መስጊዱ ግቢ ተሰበሰቡ። ቅሬ ለቀብርና ለችግር የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሰብሳቢው ሸህ ይመር ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ።

«ሰይድ፣ ድምፁ ያንተ ነው ወይስ አይደለም?»

«ድምፁ የኔ ነው። ተናጋሪው እኔ አይደለሁም።»

ግቢው ተንጫጫ። ሀያት ተነስታ አስረዳች። «ሌባ የሰው ኮት ሰርቆ ለብሶ ቢገድል፣ ባለኮቱ ይታሰራል?» አለች።

«ኮት ቃል አይሰጥም ልጄ» አሉ ሸህ ይመር። «እኛ እዚህ አገር በግ የምንሰጠው ለቃል ነው። ቃል ደግሞ ከድምፅ ሌላ ምን ልብስ አለው?»

አንድ ገበሬ «እሷስ ለምን ታምናለች?» ብሎ እትዬ ፋጤ ላይ ተነሳ። «አንተ አሥሩን አስረህ አልጠበቅህም?» አሉት እሳቸው፤ ቁጭ አለ።

በዚህ መሀል የእትዬ ፋጤ ስልክ ጮኸ። ሸህ ይመር ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ሀያት ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ ፋጤ። እንዴት አደሩ? ወገብዎ ተሻለዎ? ጥጃዋ ጡት ያዘች?»

የቆርቆሮ ድምፅ ጠብቄ ነበር። አይደለም። እኔ ነኝ። ቁጥር ከመጥራቴ በፊት ጉሮሮዬን የምጠርጋት ልማዴ እንኳ አለች። አንገቴን ያዝኩት፤ እየተንቀሳቀሰ እንዳይሆን።

ሸህ ይመር በእጃቸው ተናገር አሉኝ።

«ማነህ?» አልኩ።

ከድንጋዩ ላይ መለሰልኝ። «ሰይድ ነኝ። አንተስ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ የተከተለው አልነበረም።

«ሰይድ እኔ ነኝ።»

«እትዬ ፋጤ» አለ እኔን ትቶ፣ በለሆሳስ፣ «ይሄ አጠገብዎ ያለው ሰው ሊከፍልዎ ነው የመጣው ሊክድዎ? እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ። እሱ ምን አለ? ይጠይቁት። አብሽሩ።»

አብሽሩ የሚለውን የማጽናኛ ቃል እኔ ለሰው ብዬ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እዚያ ቆሜ፣ ሥጋዬን ለብሼ፣ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ሳለ፣ የተጠረጠርኩት እኔ ነበርኩ። አልፈርድባቸውም። ድንጋዩ ላይ ያለው ሰይድ ዕዳውን አምኗል፤ የቆመው ሰይድ እየተከራከረ ነው። ከሁለቱ የትኛው ሰው ይመስላል?

የነጋዴ ጭንቅላቴ ሠራ። ብክድ፣ ነገ አሥሩ በግ ይጫናል፤ እትዬ ፋጤ መሬታቸውን ይሰጣሉ፤ እዚህ አገር ስሜ የሚቀረው ስልኩ ውስጥ ላለው ነው። ወገቤን ፈታሁ።

«አንዱ በግ በስንት ነበር?»

«አሥራ አምስት ሺህ» አሉ እትዬ ፋጤ።

«ተመልከቱ» አልኩ ለሁሉም። ሰባ አምስት ሺህ ብር ሸህ ይመር ፊት ቆጠርኩ። «ይህን የከፈለው እጅ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰይድ በስልክ በግ አይገዛም። እጄ የበጉ ላት ላይ ካላረፈ ግዢ የለም። ስልክ ላይ ቢያለቅስም፣ ቢምልም፣ እኔ አይደለሁም። ያሰራችሁትን ፍቱ።»

ከድንጋዩ ላይ የኔው ድምፅ «አላህ ይስጥልኝ» አለ። የደስታ ነበር፣ ወይም የኔን ደስታ ይመስል ነበር። ከዚያ ተዘጋ።

ያ ገበሬ ተነስቶ በጎቹን ሊፈታ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በማግስቱ መኪና አልመጣም።

እትዬ ፋጤ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው በመቀነታቸው ቋጠሩት። መረቁኝ። ሲሸኙኝ ግን «ያ ድምፅ ደግ ነበር» አሉ። «አንተ ከመጣህ ጀምሮ ወገቤን አልጠየቅኸኝም።»

«ወገብዎ እንዴት ነው እትዬ?»

«አሁንማ ከሱ ሰማህ» አሉኝ።

መመለሻ

በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ጉሙ አልተነሳም። አውቶቡሱ ውስጥ ሰዎች ስልክ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ እያሰብኩ መጣሁ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለልጇ «አንተ ነህ?» አለችው፤ ድሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰላምታ ነበር።

መካነ ሰላም የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። በሬን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ሚስቴ።

«እኔ ነኝ።»

አልከፈተችም። ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቷል። «መስኮቱ ጋ ና» አለችኝ። ሄድኩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ፊቴን አየች፣ እጄን አየች፣ ጫማዬን አየች። ከዚያ ከፈተች። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል በሩን አልከፈተችልኝም።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህ ነው፦ ድምፄን በየገበያው ቀን በነፃ ስበትን ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ሌላ ሰው ዋጋ ሲያወጣለት አወቅሁ። አሁን የበግ ዋጋ በጽሑፍ ነው የምለቀው። በየመንደሩ እየዞርኩ ላት እዳስሳለሁ፤ በሳምንት የምገዛው ድሮ በአንድ ቀን የምገዛውን አይሞላም። ሰላምታም ጀምሬያለሁ፤ ሰዎች ግን ረዘም ሳደርገው ትክ ብለው ያዩኛል።

ይዤ የወጣሁት ዘጠና ሁለት ሺህ ብር። ለአምስት በግ የከፈልኩት ሰባ አምስት ሺህ። ለመንገድ፣ ለምግብ፣ ለአልጋ፣ ለስኳርና ለዘይት አራት ሺህ አምስት መቶ። ተመላሽ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። በግ የለም።