የትንኝ እጭ ፍለጋ በሐርተሼክ

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የወባን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ስፈልግ ኖሬ፣ ትንኟን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። ጂጂጋ ተወልጄ ያደግኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከባቢሌ በኩልም ሆነ ከደገሀቡር እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ሰው ጣቱን ወግቼ ደም እወስዳለሁ፣ አያለሁ፣ «አለ» ወይም «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አልፎ አልፎ ተመራማሪዎች ከሩቅ ይመጡና ናሙናችንን በበረዶ ሳጥን ጭነው ይሄዳሉ። ውጤቱ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አልነበረም።

ስለዚህ የኮሮናው ጭምብል ገና ከፊታችን ሳይወርድ፣ «የአካባቢውን ባለሙያ ለምርምር ልናሰለጥን ነው፤ አንቺም ግቢ» ሲሉኝ ለመልስ አልዘገየሁም።

የምንማርበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጂጂጋ ንፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ስለሚንኳኳ መምህራችን ማስተማሩን ያቆምና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኛም ከበር ላይ ሻይ በግመል ወተት አስመጥተን እየጠጣን ንፋሱ እስኪያልፍ እናወራለን። አሁን ሳስበው ከትምህርቱ ይልቅ ያቺ ሰዓት ነች የምትናፍቀኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ በእኩዮቼ ተከብቤ ተቀምጬ አላውቅም።

ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲመድቡን ለእኔ የደረሰችኝ ከሐርተሼክ የመጣች ወጣት ነርስ ነበረች። ሰፊ ጅልባቧን ለብሳ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ትጽፋለች፣ አትናገርም። አማርኛዋ «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ላይ የሚያልቅ ይመስል ነበር። መምህሩ «ናሙና ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች። እውነቱን ለመናገር፣ «ይህችን ልጅ ተሸክሜ ልዘልቅ ነው» ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ለመስክ ሥራ የተላክነው ወደ እሷው ከተማ ነበር። በሐርተሼክ ሰው የሚጠጣው ከቢርካ ነው፤ ቢርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ አለች ተብለን ስለነበር እያንዳንዱን ቢርካ በነጭ መቅጃ እየቀዳን እጭ መፈለግ ነበረብን።

ሁለተኛው ቀን ላይ የአንዲት አዛውንት ግቢ ደረስን። ቢርካቸው በእሾህና በአሮጌ ቆርቆሮ ተከድኗል። በገበያ በለቃቀምኳት ሶማልኛ፣ «ውሃዎን ልናይ ነው የመጣነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ በትራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

«ውሃዬ ንጹህ ነው! ሂዱ! ባለፈው መጥታችሁ መድኃኒት ጨምራችሁበት ፍየሎቼ እንኳ አልጠጣም ብለውኛል!»

እኛ እንዳልሆንን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የባሰ ጮኹ። ቅጹን አወጣሁና «ባለቤቷ ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ ጽፌ ዞርኩ። ገና ብዙ ቢርካ ይቀረን ነበር፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል።

«እትዬ፣ ቆይ» አለችኝ ልጅቷ። አንቱታው እስከ ዛሬም አልሆነላትም።

ከዚያ ሄዳ መሬት ላይ፣ ከሴትዮዋ እግር አጠገብ ቁጭ አለች። «አዬዮ» አለቻቸው፤ በሶማልኛ አያቴ ማለት ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ነገረቻቸው። ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ቢርካውን ማን እንደቆፈረው ጠየቀች። እኔ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ስለ ትንኝ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ረጅም ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ አዛውንቷ ራሳቸው ተነስተው ቆርቆሮውን ገፉት።

ልጅቷ ቀዳች። ነጩ መቅጃ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ ነገሮች ውሃው ላይ ተጋድመው ይንቀሳቀሳሉ። የወባ ትንኝ እጭ እንደሌላው ትንኝ እጭ ተዘቅዝቆ አይንጠለጠልም፤ ይተኛል። ስንፈልገው የነበረው ይህ ነው።

«ይሄማ የውሃ ትል ነው» ሲሉ ሳቁ አዛውንቷ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ልጅቷ አልተከራከረቻቸውም። ግማሹን በእኛ ዕቃ አደረገች፤ ግማሹን በባዶ የማር ጠርሙስ ጨምራ አፉን በስስ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና፣ «አዬዮ፣ አንቺ ጠብቂልኝ። ጨርቁን እንዳትፈቺ» ብላ ሰጠቻቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ስንመለስ ግቢው በሴቶች ሞልቷል። ጠርሙሱ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር ነበር። ከጨርቁ ሥር ትንኞች ይበራሉ። አዛውንቷ ግን አይስቁም።

«ምራቴ ባለፈው ክረምት በወባ ልትሞትብኝ ነበር» አሉ። «ከገዛ ውሃዬ ነው የወጣባት?»

«አላወቅሽም፣ አዬዮ። እኛም ገና አሁን እየተማርን ነው» አለቻቸው፣ እጃቸውን ይዛ።

ያን ቀን ሴቶቹ «የእኔንም እዪልኝ» እያሉ ከግቢ ግቢ ወሰዱን። ጠርሙስ አልቆብን የውሃ ፕላስቲክ ለሁለት እየቆረጥን ነበር የምንቀዳው። ወደ ጂጂጋ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዕቃውን ጭኔ ላይ አቅፌ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ። ልጅቷ በጅልባቧ አፏን ሸፍና እስክታነባ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ መምህሩ ቅጻችንን ሲያገላብጥ ቆም አለ። «ፈቃደኛ አይደሉም የሚለው ተሰርዟል። ማነው የሰረዘው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ተነሳች። «እኔ ነኝ» አለች በአማርኛ። «እምቢ አላለችም። ማንም አልጠየቃትም።»

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ክፉ ልትለኝ ፈልጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «እንግዲህ አጠያየቁን አንቺ ታስተምሪናለሽ» አላት። አስተማረችን፤ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ቃል ሲጠፋት እኔ እያቀበልኳት።

ወባ ዛሬም አለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይሞላል። አዛውንቷ አርፈዋል። ምራታቸው ግን ቢርካውን በስስ መረብ ሸፍና ትይዘዋለች፤ አልፌ ሳየው ደስ ይለኛል። ልጅቷ ትምህርቷን ገፍታ አሁን ደገሀቡር ሆና ሌሎችን ታሰለጥናለች። የሰበሰቡትን ውጤት መጀመሪያ የሚሰማው የቢርካው ባለቤት ነው፤ ይህን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት።

ትናንት ደወለችልኝ። ሰልጣኞቿ የደም ናሙና ማንበብ አስቸግሯቸዋል።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ነይ አሳዪያቸው» አለችኝ።

ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ።