«አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ወንፊት» ይሏታል። ድረ ገጽ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት እንከኑን ስትለቅም አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ስህተቱን የሚሸፋፍን ፕሮግራመር ከገጠማት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትለዋለች። ግን ወንፊትም ቢሆን አንድ ቀን ቀዳዳው ይሰፋል።

ዓምና የአንድ ዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ በእጇ አልፎ ነበር። ጊዜ አጥሯት በስልክ ሳትሞክረው፣ በኮምፒውተሯ ትልቅ ስክሪን ላይ የገጹን መስኮት በማውስ ጎተት አድርጋ አጠበበችና «በስልክም ይሠራል» ብላ ፈረመች። እንዲህ ያለችውን አቋራጭ ያልሞከረ የሙያ ባልደረባ ካለ እጁን ያውጣ።

በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ አባቷ ጠርዟ በተሰነጠቀች አሮጌ ስልካቸው ከዚያው ክሊኒክ ቀጠሮ ሊይዙ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ለማንም አልነገሩም። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የግራ ዓይናቸው ላይመለስ ጠፍቷል። ለምን እንደዘገዩ ስትጠይቃቸው «ተይው ልጄ፣ እኔ ነኝ የማልችልበት» አሏት እንጂ ሌላ አልተነፈሱም። የእርጅና ነገር ነው ብላ ተወችው።

ዘንድሮ አለቃዋ ጠራት። «ስልክ እየገዛን መሳቢያ መሙላት ይብቃን። መሞከሪያ ስልክ በኢንተርኔት የሚያከራዩ ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ አንዱን ምረጪ» አላት። አንደኛው ፈጣን ነው፤ ስልኩን ሁሉ በኮምፒውተር አስመስሎ ያሳያል። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሩቅ አገር ያሉ እውነተኛ ስልኮችን ከዚህ ሆኖ ለመንካት ያስችላል። የአለቃዋ ልብ ያለው ከፈጣኑ ዘንድ ነው።

ለሙከራ ያንኑ የቀጠሮ ገጽ ወሰደች። በፈጣኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ በራ። በሁለተኛው ድርጅት የስልኮች ዝርዝር ቁልቁል ስትወርድ የአባቷን ዓይነት ስልክ አገኘች። እስቲ ብላ ከፈተችው። ስም መጻፍ ስትጀምር የፊደል ሰሌዳው ተነሳና የገጹን ታች ሸፈነው፤ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ከሥሩ ቀረ። ብትጎትተው፣ ብታንሸራትተው፣ ወይ ፍንክች! የአባቷ «እኔ ነኝ የማልችልበት» ትዝ አላት።

«ምነው፣ ተበላሸ?» አለ አለቃዋ።

«ድሮም የተበላሸ ነበር። የምንመርጠው ይሄኛውን ድርጅት ነው።»

«ይሄን ስልክ እኮ ዛሬ የሚይዝ ሰው የለም!»

«አባቴ ይይዛል።»

ገጹ በዚያው ቀን ተስተካከለ። እሷም ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ እቤት ሄደች። አባቷ በደህናው ዓይናቸው ሊያዩዋት አንገታቸውን አዞሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት።

ሽማግሌው ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ገጹን የመረመረችው ልጄ ናት ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበራ። አንቺ ያየሽው ስህተት አይኖርበትም፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ አልኩ።»