ጋሽ ተካ ማሽኑን ያቆሙ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሜሮን ጋር ሲያትል ውስጥ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ዳቦ ቤት ተቀምጠን ነበር። ቤልቪው ያለውን ሥራዋን ልትለቅ እንደሆነ የነገረችኝ ገና ሻዩ ሳይቀርብ ነው። እኔ ደግሞ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝና ለምን አልኳት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ አላጠገበኝም። ደግሜ ለምን አልኩ። አራተኛው «ለምን» ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እጄ ሥራ ሲፈታ ጠረጴዛ ይዳብሳል፤ የድሮ ሙያ አይለቅም። ጣቴ ሲሄድ ሲሄድ አንዲት ቀዳዳ አገኘ። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ሽምብራ የማታህል ናት፤ ዙሪያዋን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ከቧታል። እንጨትን እንዲህ የሚያጠቁረው ብረት ነው፤ ምስማር ውስጡ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ዝገቱ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ያ የማውቀው እንጨት ነው ብዬ አልምልም። ሐሳቤ ግን ጥሎኝ ጋሽ ተካ ዘንድ ሄደ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ወንዙ ዳር ባለ የአሮጌ እንጨት ግቢ ተቀጠርኩ። ድርጅቱ ከፈረሱ መጋዘኖች የሚወጣውን ወራጅ፣ ጣሪያ ተሸክሞ የኖረውን ወፍራም እንጨት፣ እየገዛ፣ ምስማሩን አስነቅሎና አስልጎ ለጠረጴዛና ለወለል ይሸጣል። የእኔ ሥራ ምስማሩን መፈለግ ነበር። ክንድ የሚያህል ብረት ፈላጊ ዘንግ፣ እኛ ዲቴክተር የምንለውን፣ ይዤ በወራጁ አራት ጎኖች ላይ ዝግ ብዬ እሄዳለሁ። ጢጥ ሲል ቦታውን በጠመኔ እከባለሁ። አክስቴ ይህን ለሰው ማስረዳት ቢቸግራት፣ ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ «ኤክስሬይ ክፍል ናት» ብላ አስወርታብኝ አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ የሚያማቸውን ጉልበት ሊያሳዩኝ መጥተው ነበር።

እኔ የከበብኩትን የሚነቅሉት፣ ከዚያም እንጨቱን ወደ መላጊያው ማሽን የሚያስገቡት ጋሽ ተካ ነበሩ። ስድሳ ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ አገር ቤት ዕድሜያቸውን በአናጢነት ነው የጨረሱት። ወራጅ ሲመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊቱ ይቆማሉ።

«ዲቴክተሩን ትንሽ አቆዪው» ይሉኛል። «መጀመሪያ ይሄን የሠራው ሰው ምን ጨንቆት እንደነበር እንየው። አየሽ፣ ሳንቃው የተጋጠመው እዚህ ጋ ነው። እንግዲህ እዚህ መትቷል። እዚህም።»

ዘንጉን ሳስጠጋ ባሉት ቦታ ጢጥ ይላል። «አናጢ ምስማር በከንቱ አያባክንም» ይሉ ነበር፣ የማያውቁትን የሞተ አናጢ እንደ ሥራ ባልደረባቸው እያነሱ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ያደነቅሁት ሰው በሕይወቴ ጥቂት ነው። ጎበዝ የሚባለውን ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የምለካው በእሳቸው ነው።

በግራ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው። ከእኔ በፊት በነበረ ሠራተኛ ጊዜ የታለፈ ምስማር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የተሰበረው ስለት ያተረፈላቸው ነው፤ ትንሽ ዝቅ ቢል ዐይናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈታሹ አፍ አውጥቶ «ንጹሕ ነው» ካላለ እንጨት አያስገቡም። የእኔ ቤተሰብ ጴንጤ፣ እሳቸው የሦስት ቀን ጾም እንኳ የማያልፋቸው ኦርቶዶክስ ናቸውና፣ ረቡዕ ረቡዕ ተልባ ፍትፍታቸውን እያካፈሉኝ «ጴንጤዋ ንጹሕ ካለች፣ ንጹሕ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ደስ ይለኛል፤ ዐይናቸውን በእጄ ላይ እንዳስቀመጡ ግን አልረሳም።

አንድ ችግር ነበረብኝ። በግቢው ደንብ ሁላችንም አፍንጫው ብረት የሆነ ቡት እናደርጋለን። የወራጁን ሥር ስፈትሽ ዘንጉ ቡቴ አጠገብ ሲያልፍ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን እየደነገጥኩ አቆም ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት። ቡቴ ነው እልና አልፋለሁ።

ያ ቀን የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ የእርጥብ እንጨት ሽታ፣ ያ ሙጫ ሙጫ የሚለው፣ ግቢውን ሞልቶታል። ከመጋዘን የወጣ አንድ በጣም ረጅም ወራጅ ነበር፤ ያን የሚያህል ሌላ አልነበረንም። ለጠረጴዛ ያዘዙት ሴትዮ እንጨታቸው ሲላግ ለማየት ከነዣንጥላቸው መጥተዋል። አለቃችን ዴቭ እኔን እያሳያቸው «ይቺ ልጅ ምስማር አምልጧት አያውቅም» አላቸው። በኩራት አንገቴ ረዘመ። ጋሽ ተካ አዩኝ፤ «ንጹሕ ነው» አልኩ። ማሽኑ ተነሣ።

ሁላችንም የጆሮ መከላከያ አድርገናል። እንጨቱ ቀስ እያለ መግባት ጀመረ፤ ግራጫው ሲላጥ ከሥሩ እንደ ማር የቀላ ገላ ብቅ አለ። ሴትዮዋ በደስታ አፋቸውን ያዙ። እኔ ልብሴን ላራግፍ ጎንበስ ስል ጉልበቴ ላይ ሰጋቱራ ተለጥፎ አየሁ።

የዚያን ወራጅ የመጨረሻ ጫፍ የፈተሽኩት ግድግዳው ሥር ነው። መቆሚያ ስላልነበረኝ ተንበርክኬ ነበር። እዚያም ሥሩን ሳልፍ ጢጥ ብሏል፤ እኔም እንደ ልማዴ ቡቴ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሰው ሲንበረከክ ግን ቡቱ ከኋላው ነው።

እውነት ለመናገር ወዲያው እጄን አላነሣሁም። ዴቭን አየሁት፤ ሴትዮዋን አየኋቸው። ባይሆንስ አልኩ። ምናልባት ጉልበቴን አዙሬ ይሆናል አልኩ። ስለዚያች ቅጽበት እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ከዚያ የጋሽ ተካ ጠባሳ ታየኝና መዳፌን ዘርግቼ ወደ ላይ አነሣሁ።

ጋሽ ተካ እንጨቱን ትተው እኔን የሚያዩበት ምክንያት አልነበረም፤ እሳቸው ግን አይተውኛል። እጄ ገና ሳይቃና ቀዩን ቁልፍ መቱት። ማሽኑ እያጓራ ዝም አለ። ዴቭ ምን ሆነ እያለ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ተካ የጆሮ መከላከያቸውን አውርደው፣ በዚያ ባላቸው እንግሊዝኛ «ሺ ስቶፕ፣ አይ ስቶፕ» አሉት። እሷ ስታስቆም እኔ አቆማለሁ ማለታቸው ነው። ወደ እኔም ዞረው ምን ሆንሽ አላሉኝም።

ቡቴን አወለቅኩ። ዴቭ ሊከለክለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነገሩ ሲገባው ተወው። በካልሲ፣ በዚያ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሄጄ ዘንጉን ከጫፉ ሥር አስገባሁ። ጢጥ አለ። ደገምኩ፤ ደገመልኝ።

ጋሽ ተካ በመሮ ዙሪያውን ፈልፍለው በጉጠት ሳቡት። አናቱ የተቆረጠ፣ ጣት የሚያህል፣ የድሮ አራት ማዕዘን ምስማር ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አገላበጡት። «እዚህ ጋ ምንም የሚያያዝ ነገር የለም» አሉ። «እኔም ብፈልግ አላገኘውም ነበር። ሰውዬው ኮቱን የሚሰቅልበት ይሆናል።» ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና እንጨቱን መልሰው ማስገባት ጀመሩ።

ምሳ ላይ ተልባውን ትቼ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ተካ፣ ስንት ሰው እያየ ሳስቆምዎት ምነው ለምን እንኳ አላሉኝም?»

«ጥያቄው እስኪያልቅማ እንጨቱ ይገባል፣ ልጄ።»

«ምስማሩ ባይኖርስ ኖሮ?»

«መልሼ አስነሣዋለኋ። አረንጓዴ ቁልፍም እኮ አለው» አሉና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብዪ፣ ተልባ ሲቆይ ይወፍራል።»

አጥፍተሻል አላሉኝም። በማግስቱ ግን ስመጣ ወራጆቹን ሁሉ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ሰቅለዋቸው አገኘሁ፤ ቡቴ ከዘንጉ እንዲርቅ በማለዳ መጥተው የሠሩት ነው። ጋሽ ተካ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ምስማሩ እስከ ዛሬ ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ጋር አለ።

«ማም፣ አር ዩ ሊስኒንግ?» አለችኝ ሜሮን።

ጣቴን ከቀዳዳዋ ላይ አነሣሁ። አምስተኛው «ለምን» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንዲያውም «ለ» ብዬ ጀምሬዋለሁ። መዳፏን ዘርግታ አነሣች።

«ማም፣ ፕሊዝ። ጀስት ስቶፕ።»

ያን እጅ አውቀዋለሁ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከመዘምራን ልውጣ ስትለኝ አንሥታዋለች። ኮሌጅ ሆና ክረምቱን ቤት አልመጣም ስትለኝም አንሥታዋለች። ሁለቱንም ጊዜ ምክንያቱን ካልነገርሽኝ ብዬ እስክታለቅስ ጠየቅኋት። ያን ያህል ዘመን ጋሽ ተካን ሳደንቅ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ አንድ ቀን እንኳ ቀዩን ቁልፍ አልነካሁም።

አቆምኩ። ዳቦዬን ቆርሼ ግማሹን ወደ እሷ ገፋሁላት። ባቡሩ መጥቶ ሰው አራግፎ ሄደ። ሻዩ በረደ። ልጄ ዳቦውን በጣቷ ስታፍረከርክ ቆየችና፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ ጀመረች።