ጫንጮ ድረስ፣ በረከትን ልንጠይቅ

ጠቅላላ ወጪ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር፤ የሚኒባስ ኮንትራት፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦና የሹፌሩ ምሳ። አስቀድሜ የምጽፈው የሰፈራችን ወሬ ዋጋ መጨመር ስለሚወድ ነው።

የሄድነው በረከትን ልንጠይቅ ነው። በረከት የሱቄ ጎረቤት የሆኑት የእትዬ እልፍነሽ ልጅ፣ የግማሹን ሰፈር መብራት የዘረጋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በአረቄ ምክንያት ጫንጮ አካባቢ ማገገሚያ ገባ። አሁን ሕክምናውን ጨርሷል፤ ግን "በምን ዓይኔ ሰፈር እመለሳለሁ" ብሎ አሻፈረኝ አለ። እናቱ "ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ነው" ይሉ ነበር። እውነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን የሐዋሳን ሙቀት ይጠይቃቸዋል።

እሳቸውን ለብቻቸው፣ "እግሩ ቢሰበር ኖሮ እድሩ ስንት ጊዜ ሄዶ ይጠይቀው ነበር?" አልኳቸው። ተቆጥተውኝ ሄዱ። እሑድ ለእድሩ ራሳቸው ተነሥተው እውነቱን ተናገሩ፤ እድሩም ሄደን እንጠይቀው አለ።

ጠዋት ሁለት ተኩል፣ አዲሱ ገበያ

ብርቱካን በኪሎ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር። "ለበሽተኛ ነው" ብዬ ሠላሳ ብር አስቀነስኩ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ሻጯ።

የእድራችን ዳኛ ጋሼ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ እልፍነሽ ግን ቀደሙ፤ "መጠጥ ነው። እየዳነ ነው።"

"እግዜር ይማረው" ብላ ሁለት ፍሬ መረቀችልን። ሳልጨቃጨቅ ምርቃት ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ዳገቱ

ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ወጣ፤ ብርዱም ባልገጠመው መስኮት ገባ። የሱሉልታን ሜዳ ስንይዝ ጨዋታው ሁሉ ጠፋ። ለተሰበረ እግር ምን እንደሚባል እናውቃለን። ለዚህስ?

አራት ሰዓት ተኩል፣ ጫንጮ

በረከት ወፍሯል፤ ብርቱካኑን ተቀብሎን ወደ ውስጥ መራን። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ዳቦው ተቆረሰ።

"እንዴት ነህ?"

"ደህና።"

አለቀ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፣ እኛ ዳቦውን እናያለን።

በሽተኛ ጥየቃ ላይ የራሱን ሕመም የማያወጣ ሰው የለም። ጋሼ ግርማ ወጉን አልሳቱም። "እኔንም ይዞኝ ያውቃል" አሉ።

"አረቄ?" አለ በረከት ቀና ብሎ።

"ጭንቀት። እንቅልፍ ነሳኝ፣ መኖር አስጠላኝ። እስካሁንም ጳውሎስ ሆስፒታል እየሄድኩ መድኃኒት እወስዳለሁ። ለነዚህ ግን ስኳር በሽታ ነው ብያቸዋለሁ።"

እኔ አላስቻለኝም፤ "ታዲያ ሱቄ የሚጠጡት ያ ሁሉ ስኳር የሌለው ሻይ?"

"ምን ላድርግ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሬት አጠጣችሁኝ!"

በረከት እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ማን ያቁመን፤ አንዷ የእድራችን ሴት የእህቷን አወጣች፣ ሹፌሩ የወንድሙን ጫት አነሣ፣ "የኔ ይብሳል" "ምን አይተሽ!" ሆነ። እንደ ማንኛውም ጥየቃ።

"ሰፈር ይህን ሁሉ ያውቃል?" አለ በረከት።

"አሁን አወቀ" አሉት ጋሼ ግርማ። "ተነሥ እንግዲህ፤ የኔም ቆጣሪ ይጮሃል።"

በረከት የዳቦውን ፍርፋሪ ከልብሱ ላይ አራገፈ። "ቦርሳዬን ላምጣ" ብሎ ሲነሣ እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ነርሷ መድኃኒቱንና የክትትል ቀጠሮውን ሰጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ጉለሌ፣ ሰፈራችን

ነገሩ ገና አላለቀም፤ በረከት ክትትል አለው፣ የሚያልፍበት መንገድ ላይም አረቄ ቤቶቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ጋሼ ግርማ ለቀጠሮው አብሬው እሄዳለሁ ብለዋል። እኔ የተማርኩት ይህን ነው፦ ዕቃ ደብቆ ያተረፈ ነጋዴ አውቃለሁ፤ በሽታ ደብቆ ያተረፈ ግን አላየሁም።

ስንሄድ አሥር ሰው ነበርን። ስንመለስ አሥራ አንድ።